ደብተሩ የሚፈተንበት ቀን

በወላይታ ሁምቦ ወረዳ፣ ጠበላ ገበያ በቆሎ የሚገዛ ሰው እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ ከታች ያለውን እህል ጨብጦ ያወጣል፤ ነቀዝ ካየበት ገንዘቡን ሳይፈታ ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። የጤና መድን የሚገዛ ሰው ግን እጁን የሚሰድድበት ጆንያ የለውም። ዛሬ ይከፍላል፤ የከፈለበት ነገር መኖሩን የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ፊት ሲቆም ነው። ዓመቱን ቤቱ ሰላም ከሰነበተ ደግሞ ጭራሽ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። በጤና መድን ስም የሚያጭበረብር ሰው አንደበቱም የሐሰት ማኅተሙም ይጠቅሙታል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን በክፍያና በሕመም መካከል ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ገንዘቡ በጥር ተወስዶ ማታለሉ በሐምሌ ሲገለጥ ሰውየው የለም፣ ምስክር የለም፣ የተባባሉት ቃል ተረስቷል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረውም መከላከያው የአጭበርባሪን ፊት ማንበብ መቻል እንዳልሆነ ነው። የመድን አባልነት ደብተሩ የሚፈተንበትን ቀን ከሕመሙ ቀን ማስቀደም የተሻለ ይሠራል።

ሁምቦ የማይታይ ነገር በመሸጥና በመግዛት ረገድ እንግዳ አይደለም። በዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ደን መልሶ ማልማት ታሪክ ስሙ ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዎርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ የተቆረጡት ዛፎች ከጉቶአቸው እንዲያቆጠቁጡ ተደርጓል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ማዕቀፍ ሲመዘገብ በዓይነቱ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ዛፎቹ ከአየር የሳቡትን ካርቦን ሸጡ፤ ዋና ገዢው በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድ ነበር። ካርቦን አይዳሰስም፣ አይመዘንም፣ በጆንያ አይሞላም። ነገር ግን በማዕቀፉ ደንብ የካርቦን ክሬዲት የሚሰጠው ደኑ ተለክቶ ውጤቱ በገለልተኛ አካል ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የማይታየውን ነገር የሚገዛው የውጭ ተቋም ስለሆነ አረጋጋጭ ተላከለት። በጤና መድን የማይታየውን ነገር የሚገዛው የሁምቦ አባወራ ራሱ ነው፤ ለእርሱ አረጋጋጭ የሚልክለት የለም። ዓለም ባንክ ያለ ማረጋገጫ የማይገዛውን ዓይነት ነገር አንድ ገበሬ በቃል ብቻ እንዲገዛ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

ሐሰተኛውን ለመለየት እውነተኛውን ማወቅ ይቀድማል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ መልክ ነበር፤ ከ13ቱ አንዱ የሁምቦ ጎረቤት ዳሞት ወይዴ ነው። በዚያው ዓመት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 191/2003 የጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል። አሠራሩ ጥቂት የማይለዋወጡ ባሕርያት አሉት። አባል የሚሆነው ቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጆች በአንድ መዋጮ ይታቀፋሉ፤ ከዚያ ውጭ በቤቱ የሚኖር ሰው ተጨማሪ ይከፈልለታል። መዋጮው የዓመት ነው፤ በገጠር የሚሰበሰበውም አብዛኛውን ጊዜ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው። የሚሰበስበው የቀበሌው መዋቅር ነው፤ ገንዘቡ ወደ ወረዳው የመድን ቋት ይገባል። አባሉ ፎቶግራፍ ያለበት የመታወቂያ ደብተር ይሰጠዋል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ እስከ ሶዶው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል (ብዙ ሰው አሁንም ኦቶና ይለዋል) ድረስ፣ በሪፈር ወረቀት ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ በወረዳና በክልል ድጎማ የሚከፈልላቸው የድሃ ድሃ ቤተሰቦችም አሉ። እነዚህን ባሕርያት በቃል የያዘ ሰው ግማሹን መከላከያ ይዟል፤ ማጭበርበር ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ሳይጥስ አይሳካምና።

በየወሩ ክፈል የሚል፣ ለአንድ ሰው ብቻ ደብተር አወጣለሁ የሚል፣ በግል ስልኬ ገንዘብ አስገባልኝ የሚል፣ ሪፈር ሳያስፈልግህ በቀጥታ ኦቶና ትገባለህ የሚል፣ ለእናትህ መነጽር ይሸፈናል ብሎ የሚምል፤ እያንዳንዱ ከእውነተኛው አሠራር አንድ እግር ወጥቷል። ከእነዚህ ሁሉ በስልክ የሚመጣው ለመለየት ቀላሉ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ ገጠር ድረስ ስለዘለቀ፣ ከጤና መድን ነው የምንደውለው፣ ደብተርዎ ሊታገድ ነው፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን የሚል ድምፅ ለመስማት ከተማ መኖር አያስፈልግም። የጤና መድን መዋጮ ለመቀበል የማንንም የምስጢር ቁጥር ማወቅ የሚያስፈልገው ተቋም የለም። ገንዘብ የሚቀበል ሰው የራሱን ቁጥር ይሰጣል እንጂ የከፋዩን ቁልፍ አይጠይቅም። ይህን ያወቀ ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አስቸጋሪው በእግሩ የሚመጣው ነው፤ ይልቁንም የሚታወቀው። ከማያውቁት ሰው ይልቅ የሚያውቁት ሰው ለማጭበርበር ይመቻል፤ ቀበሌው ውስጥ የሚኖር፣ ከዚህ በፊት የማዳበሪያ ስም ዝርዝር ሲይዝ የታየ፣ ማኅተም ያለበት ቦርሳ የሚያንጠለጥል ሰው ደረሰኝ አልቆብኛል ነገ አመጣለሁ ቢል ማን ይከራከረዋል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በየቀበሌው መዋጮ የሚሰበስቡት ሰዎች አብዛኞቹ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ የሚሰደቡና የማይመሰገኑ ናቸው። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ በኋላ የሚሰጥ አሠራር ሐቀኛውንና ሌባውን አንድ ያስመስላቸዋል፤ ሐቀኛው ረስቶ ቢቀር፣ ሌባው አስቦ ቢያስቀር፣ ለከፋዩ ውጤቱ ያው ነው፤ ስሙ መዝገቡ ላይ የለም። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ተደርጎ የሚታይበት ቦታ ላይ ሌባው ከሐቀኛው ጥላ ሥር ይኖራል። ስለዚህ ደረሰኝ ከሌለ ገንዘብ አይሰጥም የሚለው ደንብ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ሐቀኛውን ሰብሳቢ ነው፤ በሌላው ጥፋት እንዳይጠረጠር ያደርገዋል።

ችኮላም የማጭበርበር ወዳጅ ነው። የምዝገባና የእድሳት ወቅት የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ወረዳው ቀበሌውን፣ ቀበሌው አባወራውን ይገፋል። ነገ ይዘጋል፣ ዛሬ ካልከፈልክ ዓመቱን ሙሉ አትታከምም የሚለው ቃል ከእውነተኛው ሠራተኛም ከአጭበርባሪውም አፍ ይወጣል፤ ከእውነተኛው ሲወጣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እዚህ ቦታው ነው። ገደቡ እውነት ቢሆንም በገደቡና በደጃፍ ላይ ክፍያ መካከል ግንኙነት የለም። ነገ የሚዘጋ ምዝገባ ዛሬ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለመክፈል ጊዜ ይሰጣል።

አሁን ክርክሩ ወደሚከብድበት እንግባ። በጤና መድን ተጭበረበርን ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ማጭበርበር አይደለም። ከፍለው፣ ደብተራቸው ታድሶ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት የለም የተባሉ ናቸው። በአገሪቱ ሙሉ በዚህ መድን ላይ ከሚሰሙት ዋና ዋና ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የመድኃኒት እጥረት ነው። ሰውየው የተሰማው መታለል እውነት ነው፤ የገባለት ቃል አልተፈጸመለትም። ነገር ግን እጥረትና ስርቆት ለየብቻ ካልታዩ ሁለቱም መፍትሔ አያገኙም። እጥረቱ አቤት የሚባለው ለጤና ጣቢያው ቦርድና ለወረዳው ነው፤ መልሱም ግዢ፣ በጀት፣ አቅርቦት ነው። ስርቆት አቤት የሚባለው ለፖሊስና ለፍትሕ አካል ነው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሌላውን በሐሰት አሳስቶ ጥቅም ማግኘትን በእስራት ያስቀጣል። ሁለቱን አንድ ስም ሰጥቶ ሁሉም ሌቦች ናቸው ማለት ሌባውን ነፃ ያወጣል፤ ሁሉም ሌባ ከሆነ ማንም ሌባ አይደለምና። የእጥረቱ ጉዳት ግን በዚህ አያበቃም። መድኃኒት የለም የሚለው መልስ የተለመደ በሆነበት ቦታ፣ መድኃኒቱ እያለ የለም ብሎ ታካሚውን ወደ አንድ የተወሰነ የግል መድኃኒት ቤት የሚልክ ሰው ማንም አያውቅበትም። እጥረቱ ራሱ ማጭበርበር ባይሆንም ማጭበርበር የሚደበቅበት ጨለማ ይሆናል። ታካሚው ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ የለም ሲባል ያን ቃል በማዘዣው ላይ አስጽፎ መያዝ። ቃል ይረሳል፤ የለም ተብሎ የተጻፈና የተፈረመበት ማዘዣ ግን ሲጠራቀም ወረዳው ከመጋዘን መዝገቡ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። ያን ቃል መጻፍ የሚያስፈራው ሠራተኛ ካለ ፍርሃቱ ራሱ አንድ ነገር ነግሮናል።

የማጭበርበሩ ሌላ ገጽ በአባላቱ በራሳቸው በኩል ያለው ነው። ደብተር ማዋስ በብዙ ሰው ዘንድ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የጉርብትና ወግ ነው። ያልከፈለ ጎረቤት ታሞ ሲመጣ ደብተሬን አልሰጥም ማለት ጭካኔ ይመስላል። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ መጣል አይገባም፤ በወላይታ ለዘመን መለወጫው በዓል ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚቆጥብ፣ በለቅሶ አብሮ የሚቆም ሕዝብ መረዳዳትን ከመድን አዋጅ አልተማረም። ነገር ግን የመድን ቋት ከጊፋታው ቁጠባ በምን ይለያል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይጠራል። በበሬው ቁጠባ ውስጥ ያልከፈለ ሰው ቅርጫው ላይ አይቆምም፤ ቢመጣ የሁሉም ድርሻ እንደሚያንስ ሁሉም ያያል። በመድን ቋት ላይ ያልከፈለው ሰው የወሰደው ድርሻ አይታይም፤ የሚታየው በመጋቢት ያለቀው መድኃኒት፣ ለጤና ጣቢያው በወቅቱ ያልተከፈለው ሒሳብ፣ በሚቀጥለው ዓመት የጨመረው መዋጮ ነው። ጎረቤትን ለመርዳት የፈለገ ሰው መዋጮውን ይክፈልለት ወይም ያበድረው፤ የድሃ ድሃ ከሆነም በቀበሌው ስብሰባ ስሙ እንዲገባ ይከራከርለት። ደብተሩን ሲያውሰው ግን የሚያውሰው የራሱን አይደለም።

ከአባሉ በላይ ቋቱን ሊያራቁት የሚችለው ሒሳብ አቅራቢው ነው። ላልሰጠው ሕክምና ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋም በአንድ ዓመት የሚወስደው ደብተር አዋሾች በብዙ ዓመት ከሚወስዱት ሊበልጥ ይችላል። የሌላ አገር ልምድ አደጋውን ያሳያል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ለድሃ ዜጎቿ የጀመረችውን ግዙፍ የጤና መድን የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መርምሮ በ2023 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ ወደ 750 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች በአንድ የስልክ ቁጥር ተመዝግበው ተገኝተዋል፤ ቁጥሩም ከዘጠኝ በቀር ሌላ አሃዝ የለበትም። ቀድሞ መሞታቸው በሥርዓቱ የተመዘገበ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ ከሞቱ በኋላ ታከሙ ተብሎ ተከፍሎባቸዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሕንዶች ከእኛ የባሱ ናቸው የሚል አይደለም። ኮምፒውተር፣ ዲጂታል መታወቂያና የሠለጠነ ኦዲተር ያለው አገር እንኳ መዝገቡን ከሰው ጋር ካላመሳከረ መዝገቡ ለብቻው ዋስትና አይሆንም የሚል ነው። እኛ ወደ ዲጂታል ምዝገባ ስንሄድ ይህን ይዘን እንሂድ፤ ማሽን የገባበት ቦታ ሁሉ ስርቆት ይጠፋል ብሎ ማመን የዘመኑ የዋህነት ነው። ታካሚው በበኩሉ ሲታከም የፈረመበትን ወረቀት ማየት መብቱ ነው። ባዶ ፎርም ላይ መፈረም ወይም አውራ ጣት ማስቀመጥ፣ ባዶ ቼክ ከመስጠት አይለይም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚሸጠው ነገር ራሱ ነፃ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ከክፍያ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች አሉ፤ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪና የሥጋ ደዌ ሕክምና። እነዚህን ለማግኘት የመድን አባል መሆን አያስፈልግም። እርጉዝ ሴትን ካልተመዘገብሽ አንቺም ልጅሽም ክትባት አታገኙም ብሎ የሚያስፈራራ ሰው፣ የመንግሥት ሰብሳቢም ቢሆን፣ የሌለ ዕዳ እየጠየቀ ነው። ብዙ አባላት ለመሰብሰብ ሲባል በቅን ልቦና የተነገረ ማስፈራሪያም ቢሆን ጉዳቱ አይቀንስም፤ ሰው ነፃ የነበረው ነገር እንደተሸጠለት በኋላ ሲያውቅ እውነተኛውንም መድን አብሮ ይጠረጥራል። የድሃ ድሃ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። በዚያ ዝርዝር ለመግባት የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ስምህን አስገባልሃለሁ ብሎ ትንሽ የሚቀበል ሰው በመጨረሻ የሚሰርቀው ከሁለት ሰው ነው፤ ከከፈለው፣ እንዲሁም መክፈል ስላልቻለ ከዝርዝሩ ከወጣው።

የወላይታ ወጣት እግሩን ወደ ዓረብ አገር ሲያነሣ ደግሞ መድን በሌላ መልክ ይጠብቀዋል። ደላላው የወጪውን ዝርዝር ሲቆጥር ከትኬቱና ከቪዛው ቀጥሎ ኢንሹራንስ የሚል መስመር ይጨምራል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን ወጪውን ከፋፍሎ አስቀምጦታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ማስረጃና መሰል ወጪዎችን ነው። ስለዚህ ከሠራተኛዋ ኪስ ለኢንሹራንስ የሚጠየቅ ገንዘብ፣ መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ሕጉ በሌላ ሰው ላይ የጣለውን ክፍያ ነው። ወንድም እህቱን ለመላክ በሬ ሲሸጥ ይህን አንድ መስመር ቢያውቅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለደላላው መጠየቅ ይችላል። ባሕር ማዶ የደረሰው ሰውም ቢሆን አልዳነም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የነበረ ሲምፕል ሄልዝ ፕላንስ የሚባል ድርጅት ሙሉ የጤና መድን ነው እያለ ሆስፒታል ሲገቡ እምብዛም የማይከፍል የቅናሽ ካርድ ሲሸጥ ኖሮ፣ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰሰው፤ በ2024 ፍርድ ቤቱ 195 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ሰዎቹ መታለላቸውን ያወቁት መቼ ነበር? የሆስፒታሉ ሒሳብ ሲመጣ። ጠበላም ሆነ ፍሎሪዳ የአጭበርባሪው መሸሸጊያ ያው በክፍያና በሕመም መካከል ያለው ጊዜ ነው።

የግል የጤና መድን እሸጣለሁ የሚል ሰው ቢመጣስ? ሐሳቡ ጥፋት የለበትም፤ በአገራችን ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች የጤና ሽፋን ይሸጣሉ። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ግን የመድን ሥራ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አይሠራም፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 657 ደግሞ የመድን ውል በጽሑፍ በተዘጋጀ ፖሊሲ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ፈቃዱን አሳየኝ፣ ፖሊሲውን ስጠኝ፣ በሶዶ ቅርንጫፍህ የት ነው፤ ከሦስቱ አንዱን መመለስ ያቃተው ሰው መድን አልያዘም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው። ስለ ማጭበርበር በጮኽን ቁጥር ሰው ከእውነተኛው መድን ይሸሻል፤ ያልተመዘገበ ቤተሰብ ከተጭበረበረ ቤተሰብ ይበልጥ ይጎዳል፤ ስለዚህ ዝም ይሻላል ይላሉ። ያልተመዘገበ ቤተሰብ ይጎዳል የሚለው እውነት አለው። በሙከራ ወረዳዎቹ የሄግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ የተመዘገቡ ቤተሰቦች ሕክምና የመጠቀማቸው መጠን ከፍ ብሏል፤ በሕመም ጊዜ መበደራቸው ደግሞ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአራጣ የተወሰደ የሕክምና ብድር መሬት ያስኮናትራል፣ ልጅ ከትምህርት ያስወጣል። ነገር ግን ይኸው የሙከራ ታሪክ ሌላም ነገር ይናገራል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 41 በመቶ የሚሆነው ቤተሰብ ሲመዘገብ፣ ከተመዘገቡት ደግሞ አሥር ውስጥ ስምንት ያህሉ በተከታዩ ጊዜ አድሰዋል። ያደሱት በዝምታ ስለተያዙ አይመስለኝም፤ ደብተሩ ሲሠራ ስላዩ ነው። ሰው የሚሸሸው ከመረጃ አይደለም፤ ከማይሠራ ደብተር ነው። ደብተሩ እንደሚሠራ ቀድሞ እንዲያረጋግጥ መጋበዝ ለመመዝገብ ምክንያት ይሰጠዋል።

ሌላው ተቃውሞ የሚያነብ ሰው በሌለበት ቤት ደረሰኝና ማዘዣ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ደረሰኝ እንዲጠቅም ባለቤቱ ማንበብ የለበትም፤ መኖሩ ይበቃል። ማንበብ የሚችል የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊያዩት ይችላሉ። የእድር ጸሐፊ ገንዘብ በስብሰባ ፊት ተቀብሎ፣ ስም ጠርቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጽፍ የሚከፋው ሰው የለም፤ ማንም ጠረጠርከኝ አይልም። በእድር የለመደው ሕዝብ በመድን መዋጮ ላይ ያንኑ ቢጠይቅ አዲስ ነገር አላመጣም። መዋጮው ቤት ለቤት ከሚዞር ቦርሳ ይልቅ በእድሩ ስብሰባ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ቢሰበሰብ የሰብሳቢው ድካምም ይቀንሳል።

ደብተሩን ከሕመም በፊት መፈተን እንዲህ ይሆናል። ከፍለህ ደረሰኝህን ከተቀበልክ በኋላ፣ ለገበያ ጠበላ ስትወርድ ደብተርህን ይዘህ በጤና ጣቢያው የመድን መስኮት ስምህንና የቤተሰብህን ስም አስፈልግ። የልጆችህ ስም በሙሉ ገብቷል? በዓመቱ የተወለደው ሕፃን ተጨምሯል? የእድሳቱ ማኅተም የዘንድሮ ነው? አገልግሎቱ የሚጀምርበት ቀን መቼ ነው? ስምህ ከሌለ ደረሰኙን ይዘህ ወደ ወረዳው ጤና መድን ቢሮ ሂድ፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ገና ቀበሌው ውስጥ ነው፣ ምስክሮችህም አልረሱም። የጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ደግሞ አቤቱታህ ከወረዳ በላይ እንዲሰማ አንድ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም በአባወራው ትከሻ ላይ ብቻ መጣሉ ግን ትክክል አይደለም። የሁምቦ ወረዳ፣ ዞኑና በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ርካሽ ነገር አለ። የምዝገባው ወቅት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት የከፈሉና የተከፈለላቸው ቤተሰቦች ስም ዝርዝር በየቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የድሃ ድሃዎቹ ስም ከከፈሉት ሳይለይ በአንድ ዝርዝር ይጻፍ፤ ማን በድጎማ እንደገባ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከዝርዝሩ አጠገብ የዓመቱ መዋጮ መጠን፣ የማይሸፈኑት ሕክምናዎችና ነፃ የሆኑት አገልግሎቶች በአማርኛና በወላይትኛ ይጻፉ። ስሙን ያላገኘ ሰው በዚያው ቀን ይጮኻል፤ ሰብሳቢውም በዚያው ቀን ይጠየቃል። ወረዳው ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ሙጫና አንድ ጸሐፊ ነው፤ በዘንድሮው ምዝገባ ይጀምረው።